የዘማቾቹ ሐውልትና ያልተነገረው መርዶ

አንድ ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ ስሙ ማንደፍሮ። እጁ ወርቅ ነው ይሉታል፤ አፉ ግን ብዙም አይፈታም። ከደብር ደብር እየዞረ የመቃብር ድንጋይ ይጠርባል፣ ስም ይጽፋል፣ ሥራውን ሲጨርስ መሮና መዶሻውን በከረጢት ጠቅልሎ ወደሚቀጥለው አገር ያዘግማል። የሟች ስም ሲጽፍ ኖሮ ኖሮ አንድ ነገር አምኖ ነበር፤ በዚህ ዓለም ላይ ግራ የማያጋባ ነገር ቢኖር ሞት ነው ብሎ። ሰው ወይ አለ፣ ወይ የለም። ወይራ አፋፍ የምትባለው ከተማ እስኪደርስ ድረስ ይህን እምነቱን የነቀነቀው ሰው አልነበረም።

ወይራ አፋፍ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አርባ ሦስት ልጆቿን ጦር ሜዳ ልካለች። ሃያ አራቱ ተመልሰዋል፤ አንዳንዱ በሁለት እግሩ፣ አንዳንዱ በአንድ። አሥራ ዘጠኙ እዚያው ቀርተዋል። የከተማው ሰው «ለዘማቾቻችን ሐውልት እናቁም» ሲል ሲል ከርሞ፣ በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ ጡረተኛው ሻምበል እሸቴ ነገሩን በእጃቸው አስገቡት። ሻምበል የጀመሩትን የሚያስጨርሱ ሰው ናቸው። ጥቁር ድንጋይ ከወንዙ ማዶ አስመጡ፣ መሠረት አስቆፈሩ፣ ማንደፍሮንም ከሩቅ አስጠርተው ዝርዝሩን በእጁ አኖሩ።

«በስተቀኝ ያልተመለሱት፣ በስተግራ የተመለሱት» አሉት። «መስመር እንዳታጣምም። ምርቃቱ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ነው። ከወረዳም ከዞንም እንግዳ ይመጣል።»

«እሺ ሻምበል» አለ ማንደፍሮ፤ ከዚህ የሚቀል ሥራ ያለም አልመሰለው።

ሥራው በተጀመረ በሁለተኛው ቀን አንዲት እናት ቅራሪ በገንቦ፣ ቆሎ በሰፌድ ይዘው ከአደባባዩ ማዶ ካለው የቆርቆሮ ቤት ብቅ አሉ። እማማ የሻረግ ይባላሉ። ሠራተኛውን አጠጡ፣ ቆሎውን በየእጁ ዘገኑለት፣ ከዚያ ከፈረሰ ግንብ ላይ ተቀምጠው ማንደፍሮ ሲጠርብ ያዩ ጀመር። በማግስቱም መጡ። በሦስተኛውም ቀን መጡ። ከዚያ በኋላ ሰዓታቸው ሲደርስ ማንደፍሮ ራሱ መንገዱን ማየት ለመደ።

«ልጄ፣ የእኔን ልጅ ጽፈኸዋል?» አሉት አንድ ቀን።

«ስሙ ማን ነው እማማ?»

«አዝመራው። አዝመራው ተካ። ቁመቱ ዘለግ ያለ ነው፤ ከፍ አድርገህ ጻፈው፣ ጎንበስ ብሎ ማንበብ አይወድም።»

ማንደፍሮ ዝርዝሩን ከኪሱ አወጣ። አዝመራው ተካ በስተቀኝ ካሉት አሥራ አራተኛው ነበር። ስሙ አጠገብ ሻምበል በቀይ እስክሪብቶ መስቀል አድርገውበታል። «አገኘሁት፣ ነፍሱን ይማር» ሊል አፉን ከፈተና ቀና ብሎ ሴትየዋን አየ። የለበሱት የአበባ ቀሚስ ነው። ነጠላቸው አልተዘቀዘቀም፣ ጠጉራቸው አልተላጨም፣ ፊታቸው ላይ የሐዘን ነገር የለም። አፉን መልሶ ዘጋው።

«በየትኛው በኩል ነው?» አሉ እማማ የሻረግ።

«ገና... ገና አልደረስኩበትም።»

«ግድ የለም፣ ምን ያስቸኩልሃል። እሱም ገና አልደረሰም» አሉና ሳቁ። ገንቧቸውን አንስተው ሄዱ።

ማንደፍሮ መሮውን እንደያዘ ቀረ። ዕድሜ ልኩን የጻፋቸው ስሞች ባለቤቶች ሁሉ በሰላም ሞተው፣ በሰላም ተለቅሶላቸው፣ ሰልፋቸውን ጠብቀው ነበር የመጡለት። እንዲህ ያለ ጣጣ ገጥሞት አያውቅም። ከሐውልቱ ሥር ድንጋዩን የሚጠብቀው ሃምሳ አለቃ ንጋቱ ነበር፤ ያው አንድ እግሩን ጦር ሜዳ ትቶ የመጣ ሰው ነው። ማንደፍሮ ወደ እሱ ሄደ።

«ንጋቱ፣ ይህ አዝመራው የተባለው ሞቷል ወይስ አልሞተም?»

ንጋቱ ምርኩዙን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ። «ሞቷል። አጠገቤ ነው የወደቀው። አፈር ያለበስኩትም እኔ ነኝ።»

«እናቱስ ያውቃሉ?»

«እንዴት አያውቁም? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ?» አለ ንጋቱ። ቀጥሎ ግን ድምፁ ወረደ። «መምሬ ላቀው አርድተዋቸዋል መሰለኝ። እኔ እንደመጣሁ ለእሳቸው ነው የነገርኩት።»

ማንደፍሮ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። መምሬ ላቀው ከዋርካው ሥር ዳዊት እየደገሙ ነበር፤ ጥያቄውን ሲሰሙ መጽሐፉን አጠፍ አደረጉት።

«እኔማ ለሻምበል ነገርኩ። መርዶ የእድር ነገር ነው፣ ያለ እድር አይሆንም። ያን ሰሞን ባሏ ከሞተ ገና ሳምንቱ ነበር፤ እሷም በወባ ተኝታለች። አሁን ብትሰማ ትሞትብናለች፣ ትንሽ ታገግም ተባለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አገገመች። ግን ሁዳዴ ገባ፤ በጾም የከሳ ሰውነት አይችለውም አልን። ከዚያ ፋሲካ ሆነ። በፋሲካ ማን መርዶ ይዞ ይሄዳል? ከዚያ ክረምቱ መጣ፤ ጭቃ ነው፣ ድንኳን አይተከልም።»

«ከዚያስ አባ?»

መምሬ ጢማቸውን ያዙ። «ከዚያ እንግዲህ ሻምበል ነግሯት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ስሙን ግን በየቅዳሴው አነሣዋለሁ። እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እግዚአብሔርማ ያውቃል» አለ ማንደፍሮ። «የማያውቁት እናቱ ናቸው።»

ሻምበል ቤት ሲደርስ ደግሞ ሻምበል የእንግዶቹን የመቀመጫ ተራ እያወጡ አገኛቸው። «ንጋቱ አልነገራትም እንዴ?» አሉ ቀና ሳይሉ። «አብሮት የነበረ እሱ ነው፤ የዓይን ምስክር እያለ እኛ ምን ብለን እናረዳለን?» በዚህ ዓይነት ነገሩ ከንጋቱ ወደ መምሬ፣ ከመምሬ ወደ ሻምበል፣ ከሻምበል ወደ ንጋቱ ዞሮ ገጠመ። እናንተዬ፣ አንድ ከተማ ሙሉ ሰው አሥራ አንድ ዓመት ሲዞር ቢኖርበት መውጫ የማያገኝበት ክብ ነው። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ሌላው ነግሯቸዋል ይላል። የክፉ ሰው ሥራ ቢሆን እንኳ አንዱን ይዞ መውቀስ ይቻል ነበር።

«እንግዲህ ልጻፈው ወይስ አልጻፈው?» አለ ማንደፍሮ።

«ጻፈው። ማንበብ አትችልም።»

«ይችላሉ። ትናንት ከድንጋዩ ላይ አራት ስም ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልኝ። ልጃቸው ነው ያስተማራቸው።»

ሻምበል እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያው በስተግራ ጻፈው» አሉ።

«ከተመለሱት ጋር?»

«ለጊዜው ነው። ምርቃቱ እስኪያልፍ።»

«ሻምበል፣ ድንጋይ ለጊዜው የሚባል ነገር አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ዛሬ መርዶ ብናረዳ የእድሩ ድንኳን ለልቅሶ ሊሄድ ነው። ሌላ ድንኳን የለንም። የዞኑን ሰዎች ፀሐይ ላይ ላስቀምጣቸው ነው? አሥራ አንድ ዓመት የቆየ ነገር አንድ ሳምንት ቢጨመርበት ምን ይሆናል? አንተ ደግሞ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት ነው። እንግዳ ነህ፤ አርፈህ ጥረብ።»

ማንደፍሮ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ እንጂ አላረፈም። በስተግራ ልጻፈው ብሎ ንጋቱን ቢያማክረው፣ ንጋቱ «በእጄ የቀበርኩትን ሰው ከተመለሱት ጋር ብትጽፈው በዚህ ምርኩዝ ነው ድንጋዩን የማፈርሰው» አለው። በስተቀኝ ልጻፈው ቢል ሴትየዋ የልጃቸውን ሞት ከድንጋይ ሊያነቡ ነው፤ በሰው መሐል፣ በጭብጨባ መሐል። ጭራሽ ልተወው ቢል ደግሞ ከአርባ ሦስቱ ዘማች አንዱ ብቻ ሳይዘምት እንደቀረ ሰው ይቆጠራል። የቱንም ቢያደርግ በደል ነው። አልጠርብም ብሎ መሄድም አሰበ፤ ግን መሄድስ ምን ያደርግላቸዋል? እንዲህ እየዋለለ የሌሎቹን ስም ሁሉ ጨረሰ፤ በስተቀኝ አሥራ አራተኛው ቦታ ብቻ ባዶውን ቀረ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እማማ የሻረግ መጡ። ምርቃቱ በማግስቱ ነው። ከአደባባዩ ዳር የእድሩ ትልቁ ድንኳን ተተክሎ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ባንዲራ ተሰቅሏል። እማማ የሻረግ ይህን ሁሉ አልፈው በቀጥታ ወደ ሐውልቱ ሄዱ። በጣታቸው ከላይ ወደ ታች ቆጠሩ። ከባዶው ቦታ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይህ ጥርሱ የወለቀ የመሰለው ምንድን ነው?» አሉ። «እዚህ ማን ሊገባበት ነው?»

ማንደፍሮ መዶሻውን አንስቶ የተጨረሰ ነገር መልሶ መምታት ጀመረ። እማማ የሻረግ አጠገቡ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ አንተ አገሩን አታውቀውም፤ ለዚህ ነው የምጠይቅህ። እኔ ግራ ገብቶኛል። ንጋቱ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። ልቅሶ ቤት ስገባ ሴቶቹ ወሬ ያቋርጣሉ። መምሬ ሲያሳልሙኝ መስቀሉን ግንባሬ ላይ ያቆዩታል፤ ድሮ እንዲህ አያቆዩትም ነበር። ይህን ሳይ፣ በቃ ልጄ ሞቷል እላለሁ። ቆይቼ ደግሞ፣ ሞቶ ቢሆን ሰው አይመጣልኝም ነበር ወይ እላለሁ። በዚህ እድር ሠላሳ ዓመት አለሁበት። ሬሳ ሳልሸኝ የቀረሁበት ቀን የለም። ንፍሮ ያልቀቀልኩለት ሐዘንተኛ የለም። ታዲያ ልጄ ሞቶ ይህ ሁሉ ሰው ዝም ይለኛል? አይለኝም። ሰው ካልመጣ ልጄ አለ ማለት ነው እላለሁ። እንዲህ ብዬ ነው የቆየሁት።»

ማንደፍሮ መዶሻውን አስቀመጠ።

«እንግዲህ አንተ ንገረኝ» አሉ። «ልጄ አለ? ወይስ ሰዎቹ ክፉዎች ናቸው?»

እነሆ ጥያቄ። ማንደፍሮ «ልጅዎ አለ» ቢል ውሸት ነው። «ሰዎቹ ክፉዎች ናቸው» ቢል ደግሞ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አብሯቸው በልቷል፤ ክፉዎች እንዳልሆኑ ዓይኑ አይቷል። የመጣለትን ተናገረ።

«እማማ፣ እኔ እንግዳ ነኝ። መርዶ በእንግዳ አፍ አይሆንም።»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ያለውን የሰማው። መልሶ ሊውጠው አይችልም። እማማ የሻረግ ትኩር ብለው አዩት። ያለቅሳሉ ብሎ ጠበቀ፤ አላለቀሱም። ይጮኻሉ ብሎ ጠበቀ፤ አልጮኹም። የድንጋዩን ብናኝ ከቀሚሳቸው ላይ አራግፈው ተነሡ።

«መርዶ አልክ» አሉ። «አንተ ያልከውን እኔ አልሰማሁም። ከእንግዳ ሰምቼ ብቻዬንማ አላለቅስም። ለሰዎቹ ንገርልኝ። ነገ ማለዳ ደጄን አልቀረቅርም። ከመጡ ይምጡ። ካልመጡ ስሙን በስተግራ ጻፈው፤ እኔም እንደለመድኩት እጠብቀዋለሁ።»

ማንደፍሮ ዕቃውን ሳይሰበስብ ሮጠ። ሦስቱንም ከድንኳኑ ውስጥ አንድ ላይ አገኛቸውና ከእማማ የሻረግ አፍ የሰማውን አንድ ቃል ሳያስቀር ነገራቸው። ቀድሞ የተናገረው ንጋቱ ነው።

«እኔ እሄዳለሁ» አለ። «ብቻዬን ግን አልችልም። አሥር ጊዜ ከደጃቸው ደርሼ ተመልሻለሁ።»

«እኔም ብቻዬን አልችል ብዬ ነው የተውኩት» አሉ መምሬ ላቀው።

ሻምበል ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ባንዲራውን አዩ። «ነገ እንግዶች አሉብን» ብለው ወጡ።

እሑድ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ማንደፍሮ መሮውን ይዞ ሐውልቱ ሥር ቆመ። በስተቀኝ ይጻፍ በስተግራ አያውቅም። ዓይኑ ከማዶ ካለው የቆርቆሮ ቤት አልተነሣም። በሩ ገርበብ ብሏል። መጀመሪያ ንጋቱ በምርኩዙ እየተመረኮዘ መጣ። ቀጥሎ መምሬ ላቀው። ከዚያ ሴቶች በሁለት በሦስት እየሆኑ፣ አንዷ የቀዝቃዛ ውሃ ማሰሮ ይዛ። ነገሩ እንዴት በአንድ ሌሊት እንደተዳረሰ እንጃ፤ በአሥራ አንድ ዓመት ያልተዳረሰው ማለቴ ነው። ግቢው በር ላይ ሠላሳ ያህል ሰው ተሰበሰበ፤ የሚገባ ግን ጠፋ። ንጋቱ መምሬን ያያል፣ መምሬ ንጋቱን ያያሉ። የተገረበበ በር የሚገፋ እጅ አልተገኘም። ማንደፍሮ ከሩቅ ሆኖ ይህን ሲያይ ተስፋ ቆረጠ። ይመለሳሉ፣ ዛሬም ይመለሳሉ አለ።

ያኔ ከጀርባው የብረት ኳኳታ ሰማና ዞረ። ሻምበል እሸቴ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሜዳሊያቸውን ደርድረው፣ የእድሩን ጎረምሶች አሰልፈው ድንኳኑን እያስነቀሉ፣ ወንበሩን እያሸከሙ ነው። የመጀመሪያውን ምሰሶ ራሳቸው ትከሻቸው ላይ አድርገዋል። ማንደፍሮን አልፈው ሲሄዱ ቀና ብለው አላዩትም። አደባባዩን ተሻገሩ፣ ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው፣ ምሰሶውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና በሩን ሦስት ጊዜ መቱ።

እማማ የሻረግ ወጡ። ደንገጥ ያሉ ይመስላሉ እንጂ ያወቁ አይመስሉም። ወጉ እንዲያ ነው፤ እስኪነግሩህ ድረስ አታውቅም።

«ምነው ሻምበል፣ በጠዋቱ? ደኅና አይደላችሁም?»

ሻምበል በስንት ጦር ሜዳ ትእዛዝ የሰጠው ድምፃቸው አልታዘዝ አላቸው። ሁለት ጊዜ ጀምረው አቆሙ። «የሻረግ» አሉ በመጨረሻ፣ «አዝመራውን ጦር ሜዳ ትተነዋል። ቆይቷል። የነገርንሽ ግን ዛሬ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው።»

ከዚያ በኋላ የተሰማውን ጩኸት ማንደፍሮ እስካሁን ሲያስታውሰው ሰውነቱን ይወረዋል። ሴቶቹ ከግራ ከቀኝ ደገፏቸው፣ ነጠላ ተዘቀዘቀ፣ ንጋቱ ምርኩዙን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ መምሬ ሳይቀሩ እንደ ሕፃን ልጅ አለቀሱ። ማንደፍሮም እንባውን እየጠረገ ወደ ድንጋዩ ዞረና መሮውን በስተቀኝ ከአሥራ አራተኛው ቦታ ላይ አኖረ። እንባው ዓይኑን ይጋርደው ስለነበር የ«አ» አንድ እግሯ ጠመመችበት። አላስተካከላትም።

በሦስት ሰዓት የእንግዶቹ መኪኖች ደረሱ። አደባባዩ ላይ በጨርቅ ከተሸፈነ ሐውልትና ከአንድ ድንጋይ ጠራቢ በቀር ማንም የለም። የእንግዶቹ አለቃ ግራና ቀኝ አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ ወደ ማንደፍሮ ቀረበ።

«ሰዉ የት ሄደ?»

«ልቅሶ ቤት።»

«ማን ሞቶ?»

«ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የሞተ ዘማች ነው።»

ሰውየው ግራ ተጋባ። «ታዲያ ዛሬ ለምን ያለቅሱለታል?»

«ዛሬ ነዋ የእናቱ ደጅ የደረሱት» አለ ማንደፍሮ።

እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሪባን ለመቁረጥ የመጣ ሰው ልቅሶ ቢደርስ ምን ወግ ይከተላል? ቆመው ሲያመነቱ ከቆዩ በኋላ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀና ወደ ድንኳኑ አመራ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ለእነሱ በተዘረጋው ወንበር ላይ ከሐዘንተኛው ጋር ተቀመጡ፤ ንፍሮም ተዘገነላቸው። ንግግር ያደረገ የለም። ሐውልቱን የዚያን ዕለት የገለጠው ነፋስ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ እማማ የሻረግ ንጋቱን አስጠሩት። ፊታቸው አብጧል፣ ድምፃቸው ተዘግቷል። ንጋቱ አንገቱን ደፍቶ ፊታቸው ተቀመጠ።

«አንተ ነህ አብረኸው የነበርክ?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን ቀበረው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ጉድጓዱ ጥልቅ አልነበረም። ጊዜ አልነበረንም። በእጄ ነው የቆፈርኩት።»

«እስቲ እጅህን አምጣው» አሉት። ሁለቱንም እጆቹን ተቀብለው አገላብጠው አዩአቸው፣ ከዚያ ሳሟቸው። «ልጄን መጨረሻ የነካው እጅ ይህ ነው። አሥራ አንድ ዓመት መንገድ እየቀየርክ ይህን ከእኔ ደበቅከው።»

ማንደፍሮ በማግስቱ ከረጢቱን አንሥቶ ሊሰናበት ገባ። ግራ መጋባቱ አልለቀቀውም ነበርና ሳይጠይቅ መሄድ አልሆነለትም። «እማማ፣ ያን ቀን የጠየቁኝን አልመለስኩልዎትም» አለ። «ልጅዎ የለም። ታዲያ ሰዎቹ ክፉዎች ናቸው ማለት ነው?»

እማማ የሻረግ ድንኳኑን አዩት። ሻምበል ውሃ ይቀዳሉ፣ መምሬ ፍትሐት ያደርሳሉ፣ ሴቶቹ ተራ በተራ ይገባሉ። «አይ ልጄ» አሉ። «እያንዳንዱ ብቻውን ሆኖ ነው የፈራኝ።»

እንግዲህ የሰማ ያስተውል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ አበው። የወይራ አፋፍ ሰዎች ሃምሳውንም ሎሚ በአንዲት እናት ጓዳ ትተው፣ «አንዱ ያግዛት ይሆናል» እያሉ አሥራ አንድ ዓመት በደጇ አለፉ። ለጀግና ድንጋይ ማቆም ደግ ነገር ነው፤ ድንጋይ ግን አያስለቅስም፣ አያባብልም፣ ደጅ አያንኳኳም። «ትጎዳለች» ብለን እውነት ስንደብቅ ብዙውን ጊዜ የምንከላከለው ለራሳችን ነው እንጂ ለእሷ አይደለም። የሁሉም የሆነ ኃላፊነት፣ አንዱ ምሰሶውን ካልተሸከመ በቀር፣ የማንም አይደለም።

ይህን ያነበብክ ወዳጄ፣ ያነበብሽ እህቴ፤ በእናንተ ሰፈር ሁሉም «ሌላው ነግሮታል፣ ሌላው ጠይቆታል፣ ሌላው ሄዶለታል» ብሎ የተወው ሰው ማን ነው? ነገ ማለዳ ደጁን ማን ያንኳኳ?